የብስክሌት ስንቅ፤ ወደ ጋይንት ለሚደረግ የመጀመሪያ ጉዞ

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዘማችና ለተሟጋች ብቻ አይደለም፤ ለመንገደኛም ነው። ይልቁንም በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ በገዛ ጉልበቱ ደጋውን ሊሻገር ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የሚገኝ አይመስለንም። እኛም ከሁለት የሥራ ባልደረቦቻችን ጋራ ሆነን፥ ከደብረ ታቦር እስከ ነፋስ መውጫ ያለውን 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በብስክሌት ለመሄድ፥ ከዚያም ወዲያ በእግራችን ተጉዘን በጋይንት ያለችውን የድጓ መምህራን አገር ቤተልሔምን ለመሳለም ካሰብን ወራት ሆኖናል። ከሦስታችን አንዱም እንኳ ከዚህ በፊት በብስክሌት ከከተማ ርቆ የሄደ የለም። ሁላችንም አርባውን ዓመት ያለፍን፥ የቀኑንም ብዙ ሰዓት በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመን ወይም በደብተር ላይ አጎንብሰን የምናሳልፍ መምህራን ነን። ስለዚህ መንገዱን ከመሄዳችን በፊት መንገዱን ልንማረው ግድ ሆነ። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርብላችሁም የደረስንበትን አገር ወሬ ሳይሆን፥ ለመድረስ የምናደርገውን ዝግጅት ነው፤ ምናልባት ልጆቻችሁ ብስክሌት ገዝተው ሩቅ ለመሄድ ሲጠይቋችሁ፥ ከመከልከልም ዝም ብሎ ከመልቀቅም የሚሻል መልስ ታገኙበት እንደ ሆነ ብለን ነው።

አስቀድመን አገሩን እንመልከት። ጋይንት፥ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙ አገሮች ናቸው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ፥ የታች ጋይንት ዓርብ ገበያ፥ የስማዳ ወገዳ፥ የእስቴ ደግሞ መካነ ኢየሱስ ነው። በእነዚህ ሁሉ ራስጌ የጉና ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ቆሟል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ተራራ ፈልቀው ወደ ጣና ይወርዳሉ፤ በስተ ደቡብና በስተ ምሥራቅ ያለው ምድር ደግሞ እየተሰነጠቀ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ያዘቀዝቃል። በጉና ጥግ ገብስና ድንች ሲበቅል፥ በስማዳና በእስቴ ቆላ ማሽላው ያፈራል። አንድ መንገደኛ ጧት ጋቢ ተከናንቦ ከተነሣበት ደጋ ወርዶ፥ ሳይመሽ ጥላ የሚፈልግበት ቆላ ሊገባ ይችላል። ነፋስ መውጫም ስሟ ራሱ ለብስክሌተኛ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ነፋስ ከፊት ሲመጣ ሜዳው ዳገት ይሆናልና።

ካርታ ብቻ የሚመለከት ሰው 75 ኪሎ ሜትሩን በጣቱ ይለካና «ይህማ የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል። የአገራችን መንገድ ግን በርዝመት ብቻ ሳይሆን በቁመትም ይለካል። ባሕር ዳርና ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውም መንገድ አብዛኛው ሜዳ ነው። ደብረ ታቦር ግን 2,700 ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ከወረታ በዓለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚመጣ ብስክሌተኛ በ42 ኪሎ ሜትር ውስጥ 900 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል ማለት ነው። ነፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ከደብረ ታቦር የሚነሣ ሰው የቀረው 400 ሜትር ብቻ ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን መንገዱ የወጣውን እየወረደ፥ የወረደውንም እንደ ገና እየወጣ የሚሄድ ነውና የዳገቱ ድምር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። በዚህም ላይ አየሩ አለ። በባሕር ዳር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። በባሕር ዳር ጎዳና ሳይደክመው ሲነዳ የኖረ ሰው በጉና ጥግ ትንፋሽ ቢያጥረው ጉልበቱ ከድቶት ሳይሆን አየሩ ስለ ሳሳበት ነው።

ባሕር ዳርን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በክልላችን ብስክሌት የሕዝብ መጓጓዣ የሆነባት ከተማ እርስዋ ናትና። በዘንባባው ጥላ ሥር ተማሪው፥ ሠራተኛው፥ እናትም ልጅዋን ከኋላ አስቀምጣ ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። ኢትዮጵያም በብስክሌት በዓለም ፊት የቆመችው ዛሬ አይደለም። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ጨዋታ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ፥ በጎዳና ውድድር ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሲወጣ ቡድናችን 9ኛ ሆኖ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እነዚህን ስሞች የምንጠራው ጀማሪው እንደ እነርሱ ይሮጥ ዘንድ አይደለም። እንዲያውም እንደዚህ ያሉት ሰዎች ለአንድ ቀን ውድድር ብዙ ወራት፥ ብዙ ዓመታትም እንደሚለማመዱ አስታውሶ፥ ጀማሪው ያለ ልምምድ በአንድ ጧት ተነሥቶ ዳገት እንዳይደፍር ነው።

ለዚህ ዝግጅት ግን ከብስክሌተኞች ይልቅ የቀረቡ መምህራን አሉን። እነርሱም የቆሎ ተማሪዎች ናቸው። ብስክሌት በአገራችን ሳይታወቅ ብዙ መቶ ዓመት አስቀድሞ የጋይንትን ዳገት ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው እንዴት እንደሚዘጋጅበት የሚያውቁ እነርሱ ነበሩ። ድጓ የሚሻ ወደ ቤተልሔም ይመጣ ነበር፤ አሮጌው ባለ አራት ማዕዘን ቤተ ክርስቲያን በክብ ሕንፃ ተከብቦ ወደ ሚገኝባት፥ የድጓ ማስመስከሪያ ወደ ሆነችው ቦታ። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ደግሞ እዚያው በጋይንት ወዳለችው ወደ ዙር አምባ ይወጣ ነበር፤ ቅዱስ ያሬድ ዝማሬና መዋሥዕትን የደረሰው በዚያ ነው ሲል ትውፊት ይነግረናል። ከጎጃም፥ ከወሎ፥ ከትግራይ፥ ከሸዋ የሚመጣው ተማሪ የሚይዘው ደበሎውን፥ አኩፋዳውን፥ ቅሉንና ዱላውን ብቻ ነበር። በአኩፋዳው ውስጥ በሶ ወይም ድርቆሽ አለ። ከዚህ የበለጠ ቢይዝ ዳገቱ ያስጥለዋል፤ ከዚህ ያነሰ ቢይዝ ረኃቡ ያስቀረዋል። በስንት ቀን የት እንደሚያድር፥ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ፥ የትኛው መንደር ውሻ እንደሚበዛው ከቀደሙት ተማሪዎች ጠይቆ ያውቃል። እኛም በልጅነታችን ለዲቁና ስንማር ከእነዚህ ከመንገድ የመጡ ተማሪዎች ጋራ አንድ ጎጆ ስለምንጋራ፥ ከትምህርታቸው ያላነሰ የመንገድ ጥበባቸውን እናደንቅ ነበር። ብስክሌተኛ ሊያስብበት የሚገባው ነገር ሁሉ ይኸው ነው፦ ጭነቱን ማቅለል፥ ስንቁን መመጠን፥ መንገዱን መጠየቅ፥ ማደሪያውን ማወቅ።

በዚሁ መንገድ ላይ ከሁሉ የከበደውን ጭነት ያሳለፉት ግን ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩትን፥ 7,000 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይዘው በ1860 ዓ.ም. መስከረም ወር ማለቂያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሡ። በጋይንት አድርገው፥ ጨጨሆን አልፈው፥ ሸለቆ እየወረዱና ገደል እየወጡ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ወር ነበር፤ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው። የዚያ ጉዞ መጨረሻ ምን እንደ ነበረ ሁላችን እናውቃለን። እኛ እዚህ የምናስታውሰው አንዱን ነገር ነው። መድፉ ከመጎተቱ በፊት መንገዱ ይጠረግ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ከሠራተኛው ጋራ ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዛሬ ከወረታ እስከ ወልድያ ያለው 300 ኪሎ ሜትር ያህል አውራ ጎዳና፥ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው፥ ያን የመሰለ ድካም አስቀርቶልናል። ዳገቱን ግን አላስቀረልንም። በመንገዱ ፈንታ አሁን የሚጠረገው የመንገደኛው ገላ ነው።

እንግዲህ ስለ ገላ እንናገር። ከሁሉ አስቀድሞ የደም ግፊት፥ የልብ፥ የስኳር ወይም የአስም ሕመም ያለበት፥ እንደ እኛም ዕድሜው አርባ ያለፈ ሰው ልምምድ ሳይጀምር ሐኪም ይጠይቅ። ከዚያ በኋላ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ይያዝ። እኛ ለልምምዱ 12 ሳምንት መደብን። በየሳምንቱ ሁለት ቀን አጭር መንገድ፥ አንድ ቀን ደግሞ ረዘም ያለ መንገድ እንሄዳለን። ረጅሙ መንገድ በመጀመሪያው ሳምንት 10 ኪሎ ሜትር፥ በሁለተኛው 15፥ በሦስተኛው 20 ሲሆን፥ በአራተኛው ሳምንት ገላ እንዲያርፍ ወደ 10 ይመለሳል። እንደ ገና 25፥ 30ና 35 ሄዶ በስምንተኛው ሳምንት 15 ይሆናል። በመጨረሻም 40፥ 45ና 50 ደርሶ፥ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ለዕረፍት ይተዋል። 75ቱን አስቀድሞ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሳይጎዳ የሄደ ሰው ቀሪውን በዝግታና በዕረፍት ሊሄደው ይችላል። የመጀመሪያዎቹ አጫጭር መንገዶቻችን ወደ ጋፋት ነበሩ፤ ረዘም ሲል ወደ ጋሳይ አቅጣጫ ሄደን እንመለሳለን። በየሳምንቱ ቢያንስ አንዱ መንገድ ዳገት ያለበት እንዲሆን ወስነናል። የሜዳ ልምምድ ለዳገት አይበቃምና።

በዳገት ላይ ጀማሪን የሚያሸንፈው ዳገቱ ሳይሆን ችኮላው ነው። ከግርጌው ጀምሮ በኃይል የሚረግጥ ሰው ከወገቡ ሳይደርስ ይወድቃል። ቀላሉን ማርሽ ይዞ፥ ተቀምጦ፥ እግሩን ሳያቋርጥ በዝግታ ማዞር ይገባል። ልኩን በምን ያውቃል ቢሉ፥ ከጓደኛው ጋራ እየተነጋገረ መውጣት የሚችል ሰው ልኩን አግኝቷል። ከሦስታችን አንዱ ደግሞ የተሻለ መለኪያ አገኘ፤ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም በቃሉ እየደገመ ይወጣል፤ ንባቡ ሲቆራረጥበት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ወርዶ ብስክሌቱን እየገፉ መሄድም ነውር አይደለም። አቡነ አረጋዊን ወደ ደብረ ዳሞ ያወጣው ዘንዶ ለብስክሌተኛ አልታዘዘለትም፤ በእግሩ ይወጣ ዘንድ ግን እግር ተሰጥቶታል። ራስ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ ወይም በደረት ላይ ሕመም የተሰማው ሰው ግን ወዲያው ያቁም፤ ካልተሻለውም ወደ ጤና ተቋም ይሂድ እንጂ «ጥቂት ቀረኝ» አይበል።

ዳገት ያደክማል፤ የሚገድለው ግን ቁልቁለት ነው። ስለዚህ ከብስክሌቱ ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ የሚመረመረው ፍሬን ነው። ሁለቱም ፍሬኖች መያዛቸውን፥ ላስቲካቸውም አለማለቁን በየጉዞው ጧት ማየት ይገባል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬንን ሳይለቁ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፤ ስለዚህ ያዝ ለቀቅ እያደረጉ፥ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን ቀንሶ መግባት እንጂ በመታጠፊያው መካከል ድንገት መያዝ አይገባም። ራስንም በሄልሜት መሸፈን ለሕፃን ብቻ የተባለ አይደለም፤ አባት ሳያጠልቅ ልጁን አጥልቅ ቢለው አይሰማውም።

ብስክሌቱ ለሰውየው ቁመት የሚስማማ ይሁን። መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ተረከዙን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፍ እግሩ ቀጥ የሚልለት ሰው መቀመጫው ልክ ነው፤ ጉልበቱ ታጥፎ የሚቀር ከሆነ ግን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ጉልበቱ ይከሰዋል። ጎማው የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ እንዳይሆን፥ ራጂዎቹ እንዳይላሉ፥ ካቴናውም ተጠርጎ ዘይት እንዲቀባ ያስፈልጋል። በደብረ ታቦርም በነፋስ መውጫም ጎሚስታ ይገኛል፤ በመካከል ባለው ዳገት ላይ ግን ጎሚስታ አይጠበቅም። ስለዚህ እያንዳንዳችን የፈነዳ ጎማ አውልቀን፥ ቀዳዳውን በውሃ ፈልገን፥ በማስቲሽ ለጥፈን መመለስን ተምረናል። ይህን ለመማር ሁለት ቅዳሜ ወሰደብን፤ መምህራችንም ከዚህ ቀደም በእኛ ክፍል የተማረ፥ አሁን ብስክሌት በመጠገን የሚተዳደር ወጣት ነበር። ተማሪው መምህሩን ሲያስተምር ማየት እንዴት ደስ ይላል! የምንይዘውም ሁለት ሁለት ትርፍ የውስጥ ጎማ፥ መለጠፊያ፥ መንፊያ፥ መፍቻና ካቻቢቴ ነው። ጭነት ሁሉ ከኋላ ባለው መጫኛ ላይ ዝቅ ብሎ ይታሰር እንጂ በጀርባ አይታዘል።

ከዚህ ላይ የአንዲት እንግዳ ሴት ነገር ትዝ ይለናል። ደርቭላ መርፊ የተባለችው የአየርላንድ ተወላጅ በ1955 ዓ.ም. ከፈረንሳይ የባሕር ጠረፍ ከደንከርክ ተነሥታ ብቻዋን በብስክሌት እስከ ህንድ አገር እስከ ደልሂ ሄዳለች። ከመነሣትዋ በፊት በምታልፍባቸው አገሮች ትርፍ ጎማ አስቀድማ ልካ ነበር። ይህች ሴት በ1959 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌትዋን አላመጣችም፤ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ተራራማ መንገድ በቅሎ እየጎተተች በእግርዋ ሄደች። በዚያን ጊዜ በደጋችን ላይ አብዛኛው መንገድ የእግርና የበቅሎ ነበረና። ብልህ መንገደኛ አገሩ የሚፈቅደውን እንጂ ልቡ የወደደውን ብቻ እንደማይዝ ከዚህ እንማራለን። እኛም ዋናውን አውራ ጎዳና በብስክሌት ሄደን የቤተልሔምን መንገድ በእግር ያደረግነው ስለዚህ ነው። ወደ ስማዳና ወደ እስቴ ቆላ የሚወርዱትም መንገዶች ለጀማሪ የሚሆኑ አይደሉም፤ መውረዱ ደስ ቢያሰኝም፥ የወረዱትን ያህል መውጣት ይከተላልና፤ እነርሱን ለሌላ ዓመት ትተናል።

ስለ ስንቅ ባለቤቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቃሉ። በሶ፥ ዳቦ ቆሎና ቆሎ አዘጋጅተዋል። በሶ ቀላል ነው፤ ቶሎ አይበላሽም፤ በውሃ ቢበጠበጥ መጠጥ፥ ቢታሸም ምግብ ይሆናል። በመንገድ ላይ እስኪርብ መጠበቅ አይገባም፤ በየሰዓቱ ጥቂት መቅመስ፥ ሳይጠማም ደጋግሞ ጥቂት ውሃ መጎንጨት ይሻላል። የደጋ ብርድ ጥማትን ስለሚደብቅ ብዙ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ይውላል፤ በኋላም ራሱን ያመዋል። የወንዝና የምንጭ ውሃ ሳይፈላ ወይም በመድኃኒት ሳይጣራ አይጠጣ።

ከዚህ ጋራ የጾም ነገር ይመጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሚጾምበት ቀን ቀኑን ሙሉ ዳገት መውጣት ገላን መፈተን ነው፤ ለጉዞ ሲባል ጾምን መሻርም ለእኛ የሚገባ አልመሰለንም። መፍትሔው ቀኑን መምረጥ ነው። ስለዚህ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ያለውን የመንፈቀ ዓመት ዕረፍት መረጥን፤ የነነዌ ጾም የምትውልበት ሳምንት እንዳይሆን፥ ረቡዕና ዓርብም እንዳይገጥመን አደረግን። ዝናም የለም፤ ወንዝ አይሞላም፤ አዝመራው ተሰብስቧል። በዚህ ወር በጉና ጥግ ሌሊቱ ውርጭ ስለ ሆነ ግን ጓንት፥ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ልብስ ያስፈልጋል። ዳገት ሲወጡ ያላበው ገላ ቁልቁለት ሲወርዱ ይቀዘቅዛልና፥ በየጫፉ ቆሞ ልብስ መደረብ ግዴታ ነው። የምንነሣው ቅዳሜ ጧት ነው፤ እሑድን በነፋስ መውጫ ቅዳሴ አስቀድሰን እናርፋለን፤ ሰኞ ወደ ቤተልሔም። የምንመለሰው ግን ብስክሌቶቻችንን አስጭነን በአውቶቡስ ነው።

የቅዳሜውም ቀን ተከፋፍሏል። በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ብንሄድ መንገዱ ሰባት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ዕረፍት ሲጨመርበት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ፀሐይ ስትወጣ በ12 ሰዓት ተኩል ብንነሣ ከ10 ሰዓት በፊት መድረስ ይቻላል፤ ለጎማም ለነፋስም የሚተርፍ ሁለት ሰዓት አለን። ጋሳይ የመጀመሪያው ማረፊያ ነው። ጉናን በስተ ቀኝ እያየን ክምር ድንጋይ ስንደርስ የመንገዱ መካከል ገደማ ነው። እዚያ ላይ ሕግ አውጥተናል፦ ከቀኑ 7 ሰዓት በፊት ክምር ድንጋይ ካልደረስን፥ ወይም ከሦስታችን አንዱ ካመመው፥ ሁላችንም በዚያው እናድራለን ወይም በመኪና እንመለሳለን። ሕጉን ያወጡት በእውነቱ ባለቤቶቻችን ናቸው፤ ከክምር ድንጋይ ስልክ እንድንደውልም አዘዋል። እኛም በጽሑፍ ፈርመንላቸዋል። በድካም ጊዜ የሚመክር ሰው አይጠፋም፤ ምክር የሚሰማ ግን አይገኝምና፥ የመመለሻው ፍርድ ጉልበት ሳለ ቢቆረጥ ይሻላል።

የመንገድ ጠባይም አለ። በቀኝ ጠርዝ፥ አንድ በአንድ ተሰልፎ መሄድ፤ የጭነት መኪና ከኋላ ሲሰማ ቀጥ ብሎ መሄድ እንጂ አለመዋለል፤ በገበያ ቀን ከብትና አህያ ሲበዛ ወርዶ መግፋት። ሕፃናት በደስታ እየጮኹ ሲከተሉ መቆጣት አይገባም፤ ሰላምታ ሰጥቶ ቢቆሙላቸው ብስክሌቱን ዳስሰው ይመለሳሉ። ቀብር ሲያልፍ ወይም ታቦት ሲነግሥ ከመቀመጫ ወርዶ ራስን ገልጦ መቆም፥ ቤተ ክርስቲያን ሲታይም አቁሞ ማማተብ የአገሩ ወግ ነው፤ ወጉን የሚያከብር እንግዳ ውሃ ብሎ ጠላ፥ ማደሪያ ብሎ መደብ አያጣም።

አሁን የቀረው ከሁሉ የሚከብደው ነው። በገዛ እጃችን ልንጠግነው የማንችል አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የመንገዱ ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የደረሰው ግጭት ብዙ መንገደኛ ከመንገዱ አስቀርቷል፤ ነጋዴውን ከገበያው፥ ተማሪውን ከትምህርቱ፥ ሕመምተኛውን ከሐኪሙ ለይቷል። ከዚህ ጋራ ሲነጻጸር የሦስት መምህራን የብስክሌት ጉዞ ትንሽ ነገር ነው። ስለዚህ ወሩን መረጥን እንጂ ቀኑን አልቆረጥንም። ከዚያው አገር ያሉትን፥ በየቀኑ የሚመላለሱትን ሾፌሮችና በነፋስ መውጫ ያሉትን የሥራ ባልደረቦቻችንን ጠይቀን፥ ሁሉም «ኑ» ሲሉን እንነሣለን፤ አንዱ እንኳ «ቆዩ» ቢለን እንቆያለን። ደፋር የተባለ ስም ለማግኘት ልጆቻችንን በሥጋት የምናሳድርበት ምክንያት የለም።

አንዳንድ ወዳጆቻችን «ታዲያ መንገዱ ካልተከፈተ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» ይሉናል። እኛ ግን አሁን በስምንተኛው ሳምንት ላይ ነን። በመጀመሪያው ሳምንት ከጋፋት ስንመለስ ሦስት ጊዜ ወርደን የገፋነውን ዳገት ዛሬ ሳንወርድ እንወጣዋለን። ሁለቱ ባልደረቦቻችን ወደ ሥራቸው በብስክሌት መሄድ ጀምረዋል። ከትምህርት ቤታችን ሦስት ልጃገረዶች፥ ቤታቸው ከከተማው ዳር ርቆ ጧት ጧት ሲዘገዩ የነበሩት፥ ከወላጆቻቸው ጋራ ተመካክረው አንድ ብስክሌት በተራ መንዳት ይማራሉ፤ የመጀመሪያ ርቀታቸውም 10 ኪሎ ሜትር ሳይሆን 3 ነው። ለእነርሱ ሩቅ አገር ማለት ነፋስ መውጫ አይደለም፤ በሰዓቱ የሚደረስበት ክፍል ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ብስክሌት ይዞ «ሩቅ ልሂድ» ቢላችሁ፥ አትከልክሉት፤ ነገር ግን ጥያቄ ጠይቁት። ፍሬንህን አይተሃልን? የፈነዳ ጎማ መለጠፍ ትችላለህን? ምን ያህል ተለማመድህ? ምን ትበላለህ? የት ታድራለህ? መንገዱን ማንን ጠየቅህ? የትስ ላይ ትመለሳለህ? ለሰባቱ ሁሉ መልስ ያለው ልጅ መንገዱን ግማሽ ሄዷልና መርቃችሁ ስደዱት። ያልመለሰውን ደግሞ አብራችሁት ተለማመዱ፤ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው እንኳ ይማራልና። የእግዚአብሔር ሰላም በመንገዶቻችን ሁሉ ላይ ይሁን።